ምዕራፍ ሰባት፦ ከየትኛው ውሃ እንለካ?

ባሕር ዳር ዳርቻን በስሟ የያዘች ከተማ ናት፤ ዳርቻው የት ጀምሮ የት እንደሚያበቃ ግን እስከ ዛሬ አልተስማማችበትም። በጣና ዳር ስለሚሠራ መኖሪያ ቤት፣ ሆቴል ወይም ሎጅ ክርክር በተነሣ ቁጥር ነገሩ ቶሎ ወደ ሜትር ይወርዳል። አንዱ ሃምሳ ሜትር ይበቃል ይላል፤ ሌላው መቶ ይሁን ይላል፤ ሦስተኛው ከዚያም ይራቅ ባይ ነው። ሊሠራ የፈለገው ሜትሩን ያሳጥራል፤ ለሐይቁ የሚቆረቆረው ያስረዝማል፤ ፈቃድ ሰጪው መሀል ላይ ያስታርቃል። ሦስቱም ግን አንድ ጥያቄ ዘለው አልፈዋል፤ ሜትሩ መቆጠር የሚጀምረው ከየትኛው ውሃ ነው? ከሰኔው ነው ከመስከረሙ? ዝናብ ካነሰበት ዓመት ነው ከበዛበት? የዚህ ምዕራፍ ሐሳብ እንዲህ ነው፤ ይህ ጥያቄ ሳይመለስ የተቆረጠ ሜትር፣ ሃምሳም ሆነ አምስት መቶ፣ ሐይቁንም አይጠብቅ፣ ቤቱንም አያድን። የጣና ዳር በእርሳስ የሚሠመር መስመር ሳይሆን ሐይቁ የታጠቀው መቀነት ነው፤ የራሱ ስፋት፣ የራሱም ሥራ አለው። መጀመሪያ መለየት ያለበት መቀነቱ ነው፤ ግንባታ የሚፈቀደው ከእርሱ ውጭ ነው።

ነገሩ ከሐይቁ ቅርጽ ይጀምራል። ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሸፍን የአገራችን ትልቁ ሐይቅ ነው፤ ጥልቀቱ ግን ለስፋቱ የሚመጥን አይደለም። እጅግ ጥልቅ በሚባለው ቦታ እንኳ 14 ሜትር ያህል ነው፤ አማካዩ ከ10 ሜትር በታች ነው። እንስራ የመሰለ ሐይቅ ውሃ ሲጨመርበት ሽቅብ ይሞላል እንጂ ወደ ጎን ብዙ አይሄድም። ጣና ግን እንደ ሰፌድ የተዘረጋ ነው፤ ጥቂት ሲጨመርበት ጠርዙን ያልፋል፣ ጥቂት ሲቀነስለት ከጠርዙ ይሸሻል። ስሌቱ ቀላል ነው። መሬቱ በየመቶ ሜትሩ አንድ ሜትር የሚነሣ ከሆነ፣ የውሃው አንድ ሜትር መጨመር ጠርዙን መቶ ሜትር ወደ ደረቁ ያስገባዋል። በየአምስት መቶ ሜትሩ አንድ ሜትር ብቻ በሚነሣ ለጥ ያለ ሜዳ ላይ ደግሞ ያው አንድ ሜትር ግማሽ ኪሎ ሜትር ይሄዳል። የፎገራና የደንቢያ ዳር እንዲህ ያለ ሜዳ ነው፤ በ1998 ዓ.ም. ክረምት የፎገራን ሰፈሮች ጎርፍ ሲያጥለቀልቅ ያየ ሰው ማስረጃ አያሻውም። ዘጌ ደግሞ ከውሃው አጠገብ ወዲያው ከፍ የሚል መሬት አለው። ለዘጌ የሚበቃ ሜትር ለፎገራ ምንም አይደለም። ለጣና ዙሪያ ሁሉ የሚሠራ አንድ የሜትር ቁጥር የለም ማለት ነው።

ሌላው ደግሞ የሐይቁ ከፍታ የሰማይ ሥራ ብቻ አለመሆኑ ነው። ዓባይ ከጣና በሚወጣበት በባሕር ዳር ደጃፍ፣ የጨረጨራ ግድብ በ1988 ዓ.ም. ተሠራ፤ በ1993 ዓ.ም. ተስፋፍቶ በሮቹ ሰባት ሆኑ። ዓላማው ለጢስ ዓባይ የኃይል ማመንጫዎች ዓመቱን ሙሉ ውሃ ማድረስ ነበር። ግድቡ የሐይቁን ወለል ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,784 እስከ 1,787 ሜትር ባለው ክልል ውስጥ ይቆጣጠራል። የሦስት ሜትር ልዩነት መሆኑ ነው፤ ይህ ከስፋቱ ጋር ሲባዛ ከ9 ቢሊዮን ሜትር ኩብ በላይ ውሃ ይሆናል። በ1995 ዓ.ም. ድርቅና የማመንጫዎቹ ፍላጎት በአንድ ጊዜ ሲገጥሙ ወለሉ ከ1,785 ሜትር በታች ወረደ። መርከቦቹ ለአራት ወር ያህል ቆሙ፤ ደንገሉ በሰፊው ጠፋ፤ የዓሣው ምርት ቀነሰ፤ ገበሬው የተራቆተውን የሐይቅ መሬት አረሰ። በግንቦት 2002 ዓ.ም. ደግሞ 460 ሜጋ ዋት ማመንጨት የሚችለው ጣና በለስ ተመርቆ የሐይቁን ውሃ በዋሻ ወደ በለስ ወንዝ መውሰድ ጀመረ። ስለዚህ ዛሬ በዓይናችን የምናየው የውሃ ጠርዝ የዝናቡ፣ የበሩና የተርባይኑ የጋራ ውጤት ነው። በአንድ ዓመት ሚያዝያ ላይ ሜትር ዘርግቶ «ውሃው እዚህ ነው» ማለት፣ በበጋ የደረቀን ወንዝ አይቶ ድልድይ አያስፈልገውም እንደ ማለት ነው።

የጣና ዙሪያ ገበሬ ውሃው ሲሸሽ ለሚገለጠው መሬት ስም አለው፤ ባሕር ሸሽ ይለዋል። ቃሉ ራሱ ብዙ ይናገራል። መሬቱ የተገኘው ባሕሩ ስለሸሸ ነው፤ የሸሸ ደግሞ ይመለሳል። ባሕር ሸሽ የሚያርስ ሰው ውሃው ሲሸሽ ተከትሎ ይዘራል፣ ሳይመለስ ያጭዳል፤ ቢቀደም የሚያጣው የአንድ ወቅት አዝመራ ነው። ይህ እርሻ በራሱ ለሐይቁ ጉዳት የለውም ማለት አይደለም፤ ረግረጉን እየገፋ መሆኑ የታወቀ ነው። ከግንባታ ጋር ሲነጻጸር ግን አንድ ትልቅ ልዩነት አለው፤ እርሻ ለውሃው መመለሻ ይተዋል። መሠረት ወጥቶ፣ አጥር ታጥሮ፣ የይዞታ ማረጋገጫ ካርታ የተሰጠበት ቦታ ግን መመለሻ የለውም። ከዚያ ወዲያ ውሃው ወደ ገዛ ስፍራው ሲመለስ «ጎርፍ» ይባላል፤ ባለቤቱ ተከሳሽ፣ ሰፋሪው ከሳሽ ይሆናል። ጉዳቱም በዚያ አያበቃም። ውድ ንብረት በዳሩ ከሰፈረ በኋላ የግድቡ በር አከፋፈት ላይ አዲስ ባለጉዳይ ይመጣል። እስከ ዛሬ የመብራት፣ የመስኖ፣ የመርከብና የዓሣ ፍላጎት ሲሟገቱበት የነበረው ውሃ፣ አሁን ደግሞ «ምድር ቤቴን አያርጥብብኝ» የሚል ይጨመርበታል። ሐይቁ ከፍ እንዲል የሚያስፈልግበት ዓመት ሲመጣ፣ ከፍ እንዳይል የሚገፋ ኃይል አስቀድመን አደራጅተናል ማለት ነው።

መቀነቱ ባዶ መሬት ቢሆን ኖሮ ክርክሩ ስለ ጎርፍ ብቻ ይሆን ነበር። ነገር ግን ደንገልና ፊላ የሚበቅልበት ረግረግ ሥራ የሚሠራ አካል ነው። ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ወደ ሐይቁ ከሚገባው የወንዝ ውሃ ከዘጠና በመቶ በላይ ያመጣሉ፤ ከውሃው ጋር ከደጋው የታጠበ አፈርና ከማሳ የተረፈ ማዳበሪያ ይመጣል። ጎርፉ ረግረግ ውስጥ ሲገባ ፍጥነቱ ይሰበራል፤ አፈሩ ይዘቅጣል፤ ናይትሮጅኑንና ፎስፈረሱን ሥሮቹ ይስቡታል። ደንገሉ ከተነሣ ያ ሁሉ ጥልቀት ወደሌለው ሰፌድ ይዘልቃል። በ2004 ዓ.ም. ገደማ በሐይቁ ላይ መኖሩ የታወቀው እምቦጭ የሚወፍረው በዚሁ ንጥረ ነገር ነው። ዓሣውም ከዚህ ተለይቶ አይታይም። ቀረሶ የሚራባው ጥልቀት በሌለው፣ ሣር በበዛበት ዳር ነው፤ አምባዛ በክረምት ወደ ተጥለቀለቀው ሜዳ ይወጣል። በጣና ብቻ የሚገኙት፣ ነጭ ዓሣ የምንላቸው የላቤዮባርበስ ዝርያዎች ደግሞ ብዙዎቹ ለመራባት ወደ ወንዞቹ ይወጣሉ፤ ጉዟቸው በወንዙ አፍ በኩል ነው። በአንድ ሐይቅ ውስጥ ከአንድ ዘር ተነሥተው ወደ ዐሥራ አምስት ያህል ዝርያ የተለያዩ እንዲህ ያሉ ዓሦች በዓለም ላይ እጅግ ብርቅ ናቸው። ዩኔስኮ በሰኔ 2007 ዓ.ም. ጣናንና ዙሪያውን፣ በድምሩ ወደ 696,000 ሄክታር የሚጠጋ ስፍራ፣ በዓለም የባዮስፌር ጥብቅ ቦታዎች መዝገብ ያሰፈረው ይህን ሀብት አይቶ ነው።

እዚህ ላይ ከባድ ተቃውሞ ይነሣል። ጣናን የሚጎዳው ከደጋው የሚመጣው ደለልና ማዳበሪያ ከሆነ፣ በከተማዋ ዳር የሚሠሩ ጥቂት ቤቶች ምን ያመጣሉ? እምቦጩስ የበረታው ከከተማው ርቆ በሰሜን ምሥራቁ ዳር አይደለም ወይ? ነጥቡ እውነት አለው፤ ትልቁ ሸክም የሚመጣው ከተፋሰሱ ነው። ከዚህ እውነት የሚወጣው መደምደሚያ ግን ሌላ ነው። ሸክሙ ከላይ የሚመጣ ከሆነ ማጣሪያው ታች ነው ያለው፤ ሸክሙ በበዛ ቁጥርም ማጣሪያው ይበልጥ ያስፈልጋል። ኩላሊቱ የታመመ ሰው የሚበላውን ያስተካክላል እንጂ «ጥፋቱ የምግቡ ነው» ብሎ ኩላሊቱን አያስወጣም። በዚያ ላይ ሐይቁ አንድ ወጥ ጎድጓዳ ዕቃ አይደለም። ከከተማዋ ፊት ለፊት ያለው ደቡባዊ ክፍል የራሱ ጭነት አለበት፤ በባሕር ዳር ዳርቻ ውሃ ላይ የተደረጉ ጥናቶች ከሰው ዐይነ ምድር የሚመጣ ብክለት እንዳለበት አሳይተዋል። ይህ ከጎጃም ወይም ከጎንደር ደጋ የወረደ አይደለም፤ የከተማዋ የገዛ ድርሻ ነው። የዓባይ ወንዝ ከሐይቁ የሚወጣውም በዚሁ በኩል ስለሆነ፣ ድርሻው በወንዙ ዳር ለሚጠጣው ሁሉ ይደርሳል።

ሁለተኛው ተቃውሞ የመሐንዲሶች ነው። ዘመናዊ ግንባታ እንደ ድሮው አይደለም፤ ሴፕቲክ ታንክ አለ፣ ፍሳሽ በቦቴ ይመጠጣል፣ ጥሩ ደረጃ ከወጣና ከተቆጣጠርን ቤቱም ሐይቁም አብረው ይኖራሉ ይላሉ። በደረቅ መሬት ላይ ይህ ትክክል ነው። ሴፕቲክ ታንክ ግን ብቻውን አያጣራም፤ ከታንኩ የሚወጣውን ፈሳሽ የሚያጣራው ከሥሩ ያለው ደረቅ አፈር ነው። በሐይቅ ዳር የከርሰ ምድር ውሃ ለገጹ ቅርብ ነው፤ በክረምት ደግሞ ወደ ላይ ይወጣል። ያኔ በታንኩና በሐይቁ መካከል የሚያጣራ ደረቅ አፈር አይቀርም፤ ሁለቱ በአንድ ውሃ ይገናኛሉ። ቁጥጥርም ቢሆን በወረቀት ላይ እንጂ በዳሩ ላይ ሲሆን ከባድ ነው። ረግረግ የሚሞላው በአንድ ጀምበር አይደለም፤ ዘንድሮ አንድ መኪና አፈር፣ ከርሞ አንድ ረድፍ ድንጋይ፣ ከዚያ ትንሽ መናፈሻ፣ ከዚያ አጥር። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል እንደሚባለው፣ እዚህ ደግሞ ውሃው ራሱ ነው እያሳሳቁ የሚወሰደው። እያንዳንዱ እርምጃ ብቻውን ሲታይ ተቆጣጣሪውን ከወንበሩ የሚያስነሣ አይደለም። ለዚህ ነው ከመቀነቱ ውስጥ ገብቶ ጥሩ አድርጎ ከመሥራት ይልቅ ከመቀነቱ ውጭ መሥራት ቀላሉና ርካሹ ቁጥጥር የሚሆነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ የከተማዋ ዕድገት ነው። በ1987ቱ ቆጠራ 96,140 ሰው የነበረባት ባሕር ዳር በ1999ኙ ከ155,000 በላይ ሆናለች፤ ከዚያ ወዲህም መስፋቷን አላቆመችም። ሰው ቤት ይሻል፣ ወጣት ሥራ ይሻል፤ ሐይቅ የሚያይ ሆቴል ደግሞ እንግዳ ይስባል። ይህን ማቃለል ተገቢ አይደለም። ሆኖም ሁለት ነገሮች ተደባልቀዋል። የቤት ችግር ያለበት ሰውና የሐይቅ ዳር ቦታ የሚያገኘው ሰው አንድ አይደሉም፤ ውሃ የሚያይ ቦታ በየትም አገር ውድ ነው፤ ለተከራይና ለኮንዶሚኒየም ተመዝጋቢ የሚደርስ አይደለም። የመኖሪያ ጥያቄ መልሱ ከዳሩ ራቅ ባለው ሰፊ ሜዳ፣ በመንገድ፣ በውሃ መስመርና በትራንስፖርት ነው። የቱሪዝሙም ነገር እንዲሁ ነው። እንግዳ ወደ ባሕር ዳር የሚመጣው ጣናን፣ ገዳማቱን፣ ታንኳውንና ወፉን ፍለጋ ነው። መጀመሪያ የተሠራው ሕንፃ ይህን እይታ ይሸጣል፤ ከአጠገቡ የሚቆመው ዐሥረኛ ሕንፃ ግን እይታውን ከከተማዋ ቀንሶ ለራሱ የሚወስድ ነው። ሆቴሉ ከመቀነቱ ጀርባ ቢሠራ ሐይቁን ከፎቁ ያያል፤ ከፊቱ ያለው ደንገል ደግሞ ሳይከፍልበት የሚያገኘው መናፈሻ ነው። በቅርብ ዓመታት ወደ ዳሩ የደረሰው የኮሪደር ልማት ሕዝብ በውሃው አጠገብ የሚሄድበትን መንገድ መክፈቱ ከአጥር ይሻላል፤ የውሃውን ጠርዝ በድንጋይና በሲሚንቶ ካደረቀው ግን ረግረጉ በአጥርም በእግረኛ መንገድም እኩል ይጠፋል።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ ከባለሀብቱ ወገን የሚመጣ አይደለም። የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ ከከተማዋ በፊት በዚህ ዳር ነበረ። ደንገል ያጭዳል፣ ታንኳ ይሠራል፣ ቅርጫትና ምንጣፍ ይሠፋል፣ ዓሣ ያጠምዳል። ከተማዋ ባደገች ቁጥር ግን ከዳሩ እየተገፋ፣ መሬቱ ለሌላ አገልግሎት እየዋለ ኖሯል። ለዚህ ማኅበረሰብ «ዳሩ ይከለል» የሚል ቃል አዲስ ምርቃት አይመስለውም፤ የድሮው መባረር ሌላ ስም ሊመስለው ይችላል። ስጋቱ መልስ ይገባዋል። መልሱም መቀነቱ ከሰው ይጸዳል የሚል መሆን የለበትም። በልክ የታጨደ ደንገል መልሶ ይበቅላል፣ ታንኳ ሠሪውም ደንገሉ እንዲቀጥል ከማንም በላይ ይፈልጋል። መከልከል ያለበት የማይመለሰው ነገር ነው፤ ሙሌት፣ መሠረት፣ አጥርና የግል ካርታ። መግባት፣ ማጨድ፣ ማጥመድ፣ መቅዳት፣ መሳለምና መንሸራሸር ግን ሊፈቀዱ፣ የነገደ ወይጦም የአጠቃቀም መብት በጽሑፍ ሊረጋገጥ ይገባል። ድሃውን በጥበቃ ስም አስነሥቶ ቦታውን ለባለ ገንዘብ የሚሰጥ ሕግ የአካባቢ ጥበቃ ሊባል አይችልም።

ይህ ሁሉ ለጣና ብቻ የተፈጠረ ችግር አይደለም። የነጭ ዓባይ ምንጭ የሆነውን ቪክቶሪያን የምትጋራው ኡጋንዳ በ1992 ዓ.ም. በወጣ ደንብ፣ ለትላልቅ ሐይቆቿ የ200 ሜትር ጥብቅ ዳር ደነገገች። ቁጥሩ ለጋስ ነበር፤ ግን ከዝቅተኛው የውሃ ጠርዝ ጀምሮ የሚለካ ነው። በዚያ ላይ ብዙ ባለቤቶች ቁጥሩን ከምንም አልቆጠሩትም። በግንቦት 2012 ዓ.ም. ሐይቁ በጂንጃ መለኪያ 13.42 ሜትር ደረሰ፤ በ1956 ዓ.ም. ተመዝግቦ የነበረውን 13.41 ሜትር አለፈ። ሆቴሎች፣ ቤቶችና ወደቦች ውሃ ገባባቸው። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ሐይቁ ወደ ቀድሞ ስፍራው ለመመለስ 56 ዓመት ፈጀ፤ በዚያ መሀል አንድ ትውልድ አልፎ ሌላ ተተካ፣ ውሃው እዚያ ድረስ እንደነበረ የሚያስታውስ ጥቂት ሰው ቀረ። የሐይቅ ትዝታ ከሰው ትዝታ፣ ከሊዝ ውልና ከባንክ ብድርም ይረዝማል። «እዚህ ድረስ ውሃ መጥቶ አያውቅም» የሚል ምስክር እውነቱን እየተናገረ ሊሳሳት የሚችለው ለዚህ ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? የሕግ መሠረት አልጠፋም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ አካባቢ የመኖር መብትን ይሰጣል፤ በአንቀጽ 92 ደግሞ ሕዝብ በቀጥታ በሚነኩት የአካባቢ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ የመመከርና ሐሳቡን የመግለጽ መብት እንዳለው ይደነግጋል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299 ፈቃድ ከመሰጠቱ በፊት ጉዳቱ እንዲመዘን ያዛል። የጎደለው ቅደም ተከተሉ ነው። ግምገማው የሚካሄደው ቦታው ከተሰጠ፣ ዲዛይኑ ከተሠራ፣ ገንዘቡ ከወጣ በኋላ ከሆነ ጥያቄው «ይሠራ ወይ?» መሆኑ ቀርቶ «እንዴት ይሠራ?» ብቻ ይሆናል። አንድ ግቢ ብቻውን ሲመዘን ደግሞ ሁልጊዜ ጥቂት ነው፤ መመዘን ያለበት የዳሩ ድምር ነው። ስለዚህ ከካርታ በፊት ችካል ይቅደም። የውሃ ባለሙያው የተመዘገበውን ከፍተኛ የሐይቅ ወለል በመሬት ላይ ያሳይ፤ የዕፅዋትና የአፈር ባለሙያው የረግረጉን ምልክት ይጨምር፤ ደንገል አጫጁ፣ ዓሣ አጥማጁና ባሕር ሸሽ አራሹ ውሃው የደረሰበትን ይመስክሩ። ችካሉ በዚያ ከፍታ፣ ሁሉም በሚያየው ቦታ ይተከል፤ ሃምሳም ይሁን መቶ የሚባለው ሜትር ከእርሱ ወደ ደረቁ ይቆጠር። ከችካሉ ወደ ውሃው ያለው መሬት ለማንም ሰው፣ ለየትኛውም ድርጅት፣ ለመንግሥት መሥሪያ ቤትም ጭምር በካርታ አይሰጥ። እስከ ዛሬ የተሰጠው በአንድ ቀን አይነሣም፤ ቢያንስ ግን አይጨመርበት፤ የውል ዘመኑ ሲያበቃም ወደ መቀነቱ ይመለስ።

ይህ የልማት ጠላትነት አይደለም። ከችካሉ ጀርባ ከተማ ይሠራ፤ ፎቅ ይቁም፤ ሆቴል ይከፈት። ጣና ግን ከግድቡ በር ሌላ የሚተነፍስበት ስፍራ ያለው በዳሩ ብቻ ነው። የባሕር ዳር ነዋሪ በሚቀጥለው ስብሰባ ላይ «ስንት ሜትር?» ተብሎ ሲጠየቅ ቁጥር ከመናገሩ በፊት ጥያቄውን መልሶ ይጠይቅ፤ ከየትኛው ውሃ? የዚህ መልስ በችካል እስኪተከል ድረስ በዳሩ የሚሰጥ እያንዳንዱ ካርታ ያለፈቃዱ ከሐይቁ የተወሰደ ብድር ነው፤ የመመለሻውንም ቀን የሚቆርጠው ሐይቁ ነው።